ባሌን ይክሰሱልኝ

ትዳርን በወረቀት ማስረዳት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም። እስቲ እናንተ ባለትዳሮች፣ አንድ ከዚህ በፊት አይታችሁት የማታውቁት ሰው ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ «ይህች ሴት ሚስትህ ለመሆኗ ምን ማስረጃ አለህ?» ቢላችሁ ምን ታቀርባላችሁ? የጋብቻ ወረቀት? እሱን ማንም ያሠራዋል። የሠርግ ፎቶ? በእኛ አገር የሠርግ ፎቶ ላይ ሙሽሮቹ ተንበርከኩ የተባሉ ተማሪዎች ነው የሚመስሉት። እኔ ብሆን ሚስቴን ራሷን አቅርቤ «አንዴ ስለ እኔ ጠይቋት» እላለሁ። ጥፋቴን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ስትዘረዝር የሰማ ሰው ሌላ ማስረጃ የሚያምረው አይመስለኝም።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ቢቸና ከተማ፣ አንድ ቀበሌ መዝገብ ቤት ውስጥ ስሠራ ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ። ካናዳ ወይ ስዊድን ያለ ባል ሚስቱን ለመውሰድ «ስፖንሰር» ሲሆን ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ያላገባች ነበረች፣ አሁን አግብታለች፣ ነዋሪያችን ናት፣ ፊርማ፣ ማኅተም። ስንቷን ሸኘሁ! «ደረስኩ» ብላ የደወለችልኝ አንዲት የለችም፤ እሱን ተዉት። ብቻ ወረቀቱ ሁሉ መንገዱ አንድ ነበር፤ ከቢቸና ወደ ውጭ። ከውጭ ወደ ቢቸና የሚል ወረቀት ይመጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

መጣ።

ያመጣችው የሻረግ ናት። የሻረግ የሞጣ ልጅ ናት፤ ኩዌት ሰው ቤት ስትሠራ ከርማ ስትመለስ ብቻዋን አልተመለሰችም፤ ባል ይዛ መጣች። ፈረንጅ እንዳትሉ ፈረንጅ አይደለም፣ ሐበሻ እንዳትሉ ሐበሻ አይደለም። ግብፃዊ ነው! እዚያው ኩዌት ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ነው የተያዩት። ቡትሮስ ይባላል፤ የሞተር መካኒክ ነው። ሞጣ ዘመድ በዝቶ ወሬው አላስቀምጥ ቢላቸው ቢቸና ቤት ተከራይተው ገቡ። እኛም ትርጉሙ ያው ነው ብለን በሳምንቱ ጴጥሮስ አልነው፤ እሱም አልተከራከረም።

ዘመኑ ደግሞ ምን ዘመን መሰላችሁ? የአባይ ግድብ ተጀምሮ አገሩ ሁሉ ቦንድ የሚገዛበት፣ ሻይ ቤት የተቀመጠው ሁሉ የውሃ መሐንዲስ የሆነበት ዘመን። በዚህ ላይ አንድ ግብፃዊ ከአባይ በረሃ አፋፍ ላይ መጥቶ ቤት ሲከራይ ምን እንደተባለ እናንተው ጨርሱት። «ውሃ ሊለካ ነው የመጣው» ተባለ። አንዱማ ከኪሱ ሜትር ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ማለ። እውነቱን ነው፣ ሜትር አውጥቷል፤ የወፍጮ ቺንጋ ሊለካበት። ስንት ጊዜ ቆሞ የነበረውን ወፍጮ በሁለት ቀን ሲያስነሳው ግን የውሃው ወሬ በአንድ ጊዜ ጠፋ። «ሰላይም ቢሆን እህላችንን እያስፈጨን ይሰልል» አሉ ሴቶቹ። ሴቶች ከወሰኑ ደግሞ አለቀ።

እንዲህ ሁለት ዓመት ኖሩ፤ ልጅም ወለዱ። ታዲያ የክረምቱ ማብቂያ ላይ የሻረግ ልጇን አዝላ መዝገብ ቤት መጣች። ለባሏ የመኖሪያ ፈቃድ ያመለከተችው፣ ስፖንሰሩ የሆነችው እሷ ናት። አዲስ አበባ ያሉት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል አሏት፤ ከሚስቱ ጋር እየኖረ ነዋሪ መሆኑን ቀበሌው ከመዝገብ አረጋግጦ ይጻፍ። ቀኑ ደግሞ ጥቅምት ሲያልቅ ያልቃል። ካልሆነ ቡትሮስ ከአገር ይወጣል።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ከወጣ መቼ እንደሚመለስ እግዜር ነው የሚያውቀው። ይሄ ልጅ አባቱን በስልክ እንዲያውቀው አልፈልግም።»

አንጀቴን በላችው። ብዕሬን አነሳሁ። ሊቀመንበራችን ግን ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።

«ግብፃዊ ነው እኮ፤ ነገ ጠያቂ ቢመጣ ማን ሊመልስ ነው?» አለ። «መዝገብ ላይ ያለውን ጻፍ። መዝገብ ላይ የሌለውን አንዲት ፊደል እንዳትጨምር።»

ክፉ ሰው አይደለም። ወንበሩን ይወዳል፤ ማን የማይወድ አለ?

ሦስት ቀን ሙሉ አቧራ ስጠጣ ሰነበትኩ። የቤት ኪራዩ ውል በየሻረግ ስም ነው። መብራቱ በየሻረግ ስም። ዕድሩ በየሻረግ ስም። ለግድቡ ቦንድ ግዙ ሲባል ገዝቷል፤ አዎ፣ ግብፃዊው ራሱ! ደረሰኙ ግን የተቆረጠው በየሻረግ ስም። መጨረሻ ላይ የማኅበራዊ ፍርድ ቤቱን የክስ መዝገብ ገለጥኩ። በእኛ ከተማ እዚያ መዝገብ ላይ ስሙ የሌለ ሰው ጡት ያልጣለ ሕፃን ብቻ ነው። ቡትሮስ የለም! አልከሰሰም፣ አልተከሰሰም፣ ምስክር እንኳ ሆኖ አልቆመም።

ለምን መሰላችሁ? እንግዳ ነዋ! ገና ጎህ ሳይቀድ ጄኔሬተር አስነስቶ ሰፈሩን ያናውጣል። ዶሮህ ጮኸብኝ ብሎ የሚካሰሰው ጎረቤት ሁሉ «ይሁን፣ እንግዳ ነው» ብሎ ጆሮውን ሸፍኖ ይተኛል። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ይሆናል ይባላል። እኛ ሰውየውን ሁለት ዓመት ሙሉ ወርቅ አድርገን አስቀመጥነውና ነዋሪ መሆኛ ቀን አሳጣነው።

«ምን ላድርግልሽ ልጄ» አልኳት የሻረግን፣ «አንድ ሰው እንኳ ከሶት ቢሆን ኖሮ!»

ለወግ ያህል ነበር ያልኩት። እሷ ግን ልጇን እሹሩሩ ማለቷን አቆመች።

«ምን አሉ ጋሼ?»

ደገምኩላት። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ቀጥሎ የሆነውን ከሁለቱም ወገን ሰምቼዋለሁ፤ የሁለቱም ቃል አንድ ነው። የሻረግ በቀጥታ የሄደችው ከግቢያቸው ቁልቁል ወዳለው ጎረቤታቸው ወደ አያ ደምሌ ነው። አያ ደምሌን የማያውቅ ካለ ፍርድ ቤት ደርሶ አያውቅም ማለት ነው። ወንድማቸውን ከሰዋል፣ አማቻቸውን ከሰዋል፣ አንዴ ቀበሌውን ራሱን ከሰው ረትተዋል። የዚያን ጊዜ የቀበሌውን መልስ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ ቂም የለኝም ብል እዋሻለሁ።

«አያ ደምሌ» አለቻቸው እጅ ነስታ፣ «ባሌን ይክሰሱልኝ።»

ሽማግሌው በቁጣ ተነሡ። «እኔን ሐሰተኛ ልታደርጊኝ? ይህን ሁሉ ዘመን ስከስ አንድ ቀን ያለ በደል ከስሼ አላውቅም! ውጪልኝ!»

የሻረግ አልወጣችም። ቁጭ ብላ ነገሩን ሁሉ እያለቀሰች ነገረቻቸው፤ ጥቅምትን፣ መዝገቡን፣ ልጁን። አያ ደምሌ እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡና ዝናቡ ካቆመ ወዲህ የጠወለገ ጎመናቸውን ትክ ብለው አዩት።

«በደልማ አለ» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለት ዓመት ሆዴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። እንግዳ ነው ብዬ ነው እንጂ!»

በደሉ እንዲህ ነው። በየሻረግ ጓሮ አንዲት ምንጭ አለች። ውሃዋ ቁልቁል ወርዳ የአያ ደምሌን ጎመንና ቃሪያ ስታጠጣ የኖረች ናት። ቡትሮስ ከአገሩ ያስመጣውን የወጥ ቅጠል ሊያበቅል ብሎ ምንጯን በድንጋይና በሲሚንቶ ዙሪያዋን አጠረና ውሃውን አጠራቀመ። በአጭሩ፣ ግብፃዊው ገደበ።

የክስ መጥሪያውን በገዛ እጄ ጻፍኩት። «ተከሳሽ፦ የዚህ ቀበሌ ነዋሪ የሆነው አቶ ቡትሮስ» ብዬ ስጽፍ፣ በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የጻፍኩት መጥሪያ የለም። ሲደርሰው ግን ቡትሮስ ደስ አላለውም። ሚስቱ ዘዴውን እየነገረችው እንኳ «ዘዴውስ ይሁን፤ ውሃው ግን እኮ ከእኛ ጓሮ ነው የሚወጣው!» ይል ነበር አሉ።

የችሎቱ ቀን አዳራሹ ሞላ፤ ጸሐፊው እኔው ነኝ። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ ሰብሳቢው የቅኔ አዋቂ የሆኑ አንድ መሪጌታ። ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል ነውና አያ ደምሌ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ጌቶቼ፣ ይህ ውሃ ከአያቴ ከአባቴ ጀምሮ እኔ ዘንድ ሲደርስ የኖረ ነው። ማንም ከላይ ሆኖ ሊያቆምብኝ አይችልም። ታሪካዊ መብቴ ነው!»

ከዳኞቹ አንደኛው ሳል ያዘው። ቡትሮስ ተነሣ። ከሚስቱ በተማረው የሞጣ አማርኛ እንዲህ አለ፤

«ጌቶቼ፣ ውሃው የሚነሳው ከእኔ ጓሮ ነው። እኔ ልየው ብቻ ነው እንዴ? ደግሞ አልወሰድኩባቸውም፤ አጠራቅሜ እለቅላቸዋለሁ። እሳቸውን የሚጎዳ ነገር የለውም።»

ከዚያ አንዱ ከኋላ «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው!» ሲል ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። መሪጌታ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ያልሳቁት ሁለቱ ተከራካሪዎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱ ከልባቸው ነበር የያዙት። ኋላ አያ ደምሌ የተናገሩት ነገር የማን ነገር እንደሆነ ሲገባቸው «በስመ አብ!» ብለው ቁጭ አሉ።

ዳኞቹ ቦታውን ሄደን እንይ ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ተከሳሽ በቀጠሮው እንዲቀርብ ዋስ ይጥራ ተባለ። አሁን ሳቁ ቆመ። ቡትሮስ ዞር ብሎ ሰዉን አየ። ወፍጮውን ያስነሳላቸው፣ ሬዲዮኑን የጠገነላቸው ሁሉ እግር እግራቸውን ያያሉ። የሻረግ ልጇን አጥብቃ ያዘች። ሊቀመንበራችን ከጥግ ሆኖ «ለግብፅ ሰው እንዴት ዋስ ይኮናል?» ሲል ተሰማ።

መሪጌታ ቀና አሉ። «ልጄ፣ አባቶቻችን ጳጳስ ከግብፅ ሲያስመጡ ስንት ዘመን ኖሩ! ያውም ከገባ በኋላ እንዳይወጣባቸው ነበር የሚጠብቁት። ለእኛ አንድ መካኒክ ከበደን?»

«እኔ ዋሱ ነኝ» አለ አንድ ድምፅ።

አያ ደምሌ ናቸው።

«ከሳሽ ለተከሳሽ?» አሉ መሪጌታ።

«አዎ! ይሄ ሰው ከሄደብኝ ማንን ልከስ ነው? እዚያ ማዶ ያለችውንስ ልጅ ከነሕፃኗ ማን ሊያያት ነው? ይፈርዱብኝ እንደሆነ ይፍረዱብኝ፤ ጎረቤቴን ግን አልሰጥም!» አሉና ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ። እኔም ጻፍኩ። ቀለሙ የፈሰሰብኝ ብዕሩ አሮጌ ስለሆነ ነው ብያለሁ፤ እናንተም እንደዚያው እመኑልኝ።

ዳኞቹ ምንጯን አይተው ፈረዱ፤ ሦስት ቀን ለላይኛው፣ ሦስት ቀን ለታችኛው፣ እሑድን ውሃው ራሱ ይወስን። ሁለቱንም ቅር አላቸው። ጥሩ ፍርድ ማለት እሱ ነው። ሊቀመንበሩም ያኔ ማምለጫ አጣ፤ መዝገብ ላይ ያለውን ጻፍ ያለው እሱ ነው። «አቶ ቡትሮስ ከባለቤቱ ከወይዘሮ የሻረግ ጋር በቀበሌያችን ነዋሪ ሲሆን፣ በጎረቤቱ በአቶ ደምሌ በውሃ ጉዳይ ተከሶ፣ በዚሁ ከሳሽ ዋስትና ተከራክሮ፣ ውሳኔ የተሰጠው መሆኑን ከመዝገብ እናረጋግጣለን።» ፈረመ። ማኅተሙን እኔ ነኝ ያሳረፍኩት፤ ትንሽ ጠበቅ አድርጌ።

አዲስ አበባ የተቀበላቸው ሹም ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው አለችኝ የሻረግ። ከዚያ ከጎኑ ያለውን ጠርቶ አስነበበው። ውሃ የሚለው ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ባልና ሚስቱን ቀና ብለው አዩ።

«ታዲያ ታረቃችሁ?» አለ ሹሙ።

«አልታረቅንም» አለ ቡትሮስ። «ይግባኝ ብያለሁ።»

ሹሙ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ይግባኝ ያለ ሰው የትም አይሄድም» አለ፤ ወረቀቱንም ጥቅምት ሳያልቅ ጨረሰላቸው።

የተመለሱ ዕለት አያ ደምሌ በግ አርደው ጠበቋቸው። ፈቃዱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ መሪጌታ መረቁ፤ ሊቀመንበሩም መጥቶ ከሁሉ በላይ በላ። እኔ ይሄ ነገር በዚሁ አለቀ ብዬ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ሁለቱን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። በአንድ ጃንጥላ ከፀሐይ ተጠልለው ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ቁልቁል ይወርዳሉ፤ አያ ደምሌ የቡትሮስን ክንድ ተደግፈዋል። የይግባኙ ቀጠሮ ነው። ቡትሮስን በእጄ ጠቅሼ ለብቻው ሳብኩት።

«አንተ ሰው፣ የፈለግከውን አገኘህ፤ ዋስ የሆኑህ ሽማግሌ ናቸው። ለጥቂት ውሃ ምን አስጨነቀህ? ተውላቸው!»

በጣም ተገርሞ አየኝ።

«ጋሼ» አለ፣ «እንግዳ ብሆን ኖሮ እተውላቸው ነበር።»