በኪዳነ ምሕረት ዕለት የታጨደው ተልባ

ወር ስንት ቀን አለው ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ «ለማን?» የሚል ነው። ለደመወዝተኛ ሠላሳ ነው። ለታመመ ሰው መቶ ይመስለዋል። ለእኛ ለመንዝ ገበሬዎች ግን ልደታን፣ አቦን፣ ሥላሴን፣ ሚካኤልን፣ ኪዳነ ምሕረትን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን፣ ጊዮርጊስን፣ መድኃኔዓለምንና ባለወልድን ካነሣችሁ በኋላ፣ ከተረፈው ላይ ቅዳሜና እሑድን ስትቀንሱ በእጃችሁ የሚቀረው አሥራ አራት ቀን ነው፤ ቢበዛ አሥራ አምስት። በዓል በዛ ብዬ እያማረርኩ እንዳይመስላችሁ። ይህ ወገቤ ሰባ ሁለት ዓመት የቆየው በነዚሁ በዓላት ነው። የምለው፣ ቀን የሚቆጥር ሰው የማንን ቀን እንደሚቆጥር አስቀድሞ ይወቅ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ አሁን ደግሞ ማወቁም ደክሞኛል።

ቆጣሪ ሰው ነኝ። ከአባቴ የወረስኩት አንድ ጋቢና ብዙ ዘመድ ነበር። ጋቢው ቶሎ አለቀ፤ ዘመዱ አላለቀም። ቤት የሠራሁት በሰው መሬት ላይ በእኩል እያረስኩ ነው። እኩል ማለት ባለመሬቱ መሬቱን ይሰጣል፣ አራሹ በሬውን፣ ዘሩንና ጉልበቱን ያመጣል፣ ፍሬው አውድማ ላይ ለሁለት ይከፈላል። እንዲህ እየኖረ ያረጀ ሰው የማይቆጥረው ነገር የለም። ከቤቴ እስከ ሞላሌ ገበያ ስንት እርምጃ እንደሆነ አውቃለሁ። ካረጀሁ ወዲህ በአራት መቶ ጨምሯል።

የኛ አገር አዝመራ ጊዜው አጭር ነው። ዝናቡ በሰኔ ማገባደጃ እየተጎተተ ይገባል፣ መስከረም ሳይጠባ መሄጃውን ያያል፤ ኅዳር አጋማሽ ላይ ደግሞ ውርጭ በየረባዳው ይወርዳል። በዝናቡና በውርጩ መካከል ያለችው ጊዜ ጠባብ በር ናት። ገብስ አመሏን ስለሚያውቅ ጎንበስ ብሎ ያልፋታል። ሌላው እህል ግንባሩን ይመታል።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የልማት ሠራተኛው አንድ ጆንያ አዲስ የተልባ ዘር ይዞ መጣ። ልጁ ቅን ነው፣ የሚደብቀው ነገር የለም። «ይህኛው ፍሬውም ዘይቱም ብዙ ነው። ሆኖም ከአገሩ ተልባ አሥራ አምስት ቀን ይዘገያል» አለን። ጎረቤቶቼ የመጀመሪያውን ሰምተው ፈነደቁ። እኔ ሁለተኛውን ሰምቼ ጣቶቼን ማጠፍ ጀመርኩ። እስኪደርስ መቶ ሠላሳ አምስት ቀን ይፈልጋል። ሰኔ ሃያ አምስት ብንዘራው፣ ኅዳር አምስት ይደርሳል። ጳጉሜንን ረስቶ የሚቆጥር ሰው አለ፤ እኔ አምስቱንም ቆጥሬያለሁ። ውርጩ እስኪመጣ አሥር ቀን ይተርፋል ማለት ነው። በቂ ነው አልኩ።

በቂ ነው ያልኩት ግን ለአስካለ መሬት ነው። በራሴ ማሳ ላይ የዘራሁት ገብስ ነበር። ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር።

አስካለ የሟች ጓደኛዬ ሚስት ናት። ሁለት የልጅ ልጆችና አንዲት የታመመች እህት ይዛ በአንድ ማሳ ታድራለች። ማሳዋን በእኩል የማርስላት እኔ ነኝ።

«ገብስ ቢሆን ይሻለኝ ነበር ጋሼ» አለችኝ፣ ዘሩን ስነግራት።

«ተልባው ከገብስ ይበልጥ ያወጣል። ቆጥሬዋለሁ።»

«እርስዎ ከቆጠሩት እንግዲህ ምን እላለሁ» አለች። ያመነችው እኔን እንጂ ተልባውን አልነበረም።

ሰኔ ሃያ አምስት መሬቱ በሬ የሚያስገባ አልሆነም፤ ጭቃ ነበር። የዘራነው ሐምሌ ሁለት ነው። ከአሥሩ ቀን ሰባቱ ሄደ። ቢሆንም ተልባው አማረ። መስከረም ላይ ሰማያዊ አበባ አውጥቶ ማሳውን ሲሸፍነው መንገደኛ ሁሉ እየቆመ «የማን ነው?» ይል ነበር። አስካለም «የጋሽ ተክሌና የእኔ» እያለች ትመልስ ነበር፤ የእኔን ስም አስቀድማ።

ልክ በተባለው ቀን፣ ኅዳር አሥራ ሁለት ሐሙስ፣ ፍሬው ቡናማ መሆን ጀመረ። ቆጠራዬ አልተሳሳተም። ሐሙስ ግን የዓመቱ ሚካኤል ነው። ዓርብ ክፍት ቀን ነበረች፤ ደቦ ጠርቼባት ሳለ የላይ ሰፈር አንድ አዛውንት ዐረፉና አገሩ ሁሉ ቀብር ዋለ። ቅዳሜ ሰንበት፣ እሑድ ሰንበት፣ ሰኞ ኪዳነ ምሕረት። እኔ የቆጠርኩት የተልባውን ቀን ነበር። ተልባ በዓል አያከብርም፤ በሚካኤልም በማርያምም ያድጋል። ማጭድ ግን ያከብራል። ይህን በሰባ ሁለት ዓመቴ ያልቆጠርኩት ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

እሑድ ጠዋት የጎረቤቴ የሽፈራው ባቄላ በረባዳው ላይ ጠቁሮ አደረ። የአስካለ ማሳ ከዚያ ከፍ የሚለው በአንድ እርከን ብቻ ነው። ሰኞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ፣ ነፋሱ ቆመ። ያን ሰማይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቀን ያምራል፣ ንጋት ላይ ያርዳል። ግማሹ ፍሬ ገና አረንጓዴ ነበር። ታጭዶ ቢከመር በክምሩ ውስጥ ይበስላል፤ ቆሞ ውርጭ ቢያገኘው ገለባ ይሆናል። አስካለ ደግሞ ሌላ ማሳ የላትም።

ቅዳሴ ሲወጣ ቄስ ገበየሁን ከደጀ ሰላሙ ጥግ ያዝኳቸው። ወንዱ ሁሉ በዙሪያችን ቆሞ ነበር፤ አስካለም ከሴቶቹ ጋር ሆና ታየናለች። በአገራችን ልማድ፣ ባልቴትና አቅመ ደካማ ሲቸገር አገሩ በበዓል ቀንም ከቅዳሴ በኋላ ያግዘዋል፤ ጽድቅ ነው እንጂ ሥራ አይባልም። ባለ አቅም ግን ቀኑን ይጠብቃል።

«አባ፣ የአስካለን ተልባ ያስጭዱልን» አልኩ።

«ማሳው የእርሷ ነው። ፍሬውስ?»

«እኩል ነው።»

ቄሱ ጢማቸውን ያዙ። «እንግዲያው እያንዳንዱ አገዳ ግማሹ የርስዎ ነው ጋሽ ተክሌ። የእርሷን ለይቶ የርስዎን የሚተው ማጭድ ከየት ላምጣ?»

«እኔ አለኝ» አለ ሽፈራው። ባቄላው ቢሞትም ምላሱን ውርጭ አልነካውም። «ራስ ራሱን ለእትዬ አስካለ እናጭድላት። እግር እግሩን ለጋሽ ተክሌ እንተውላቸው፤ ቆጥረው ያስገቡታል።»

ሰው ሳቀ። አስካለ አልሳቀችም። አይኗን ወደ እኔ አዞረች። የእኔ ገብስ ካለበት ዳገት በኩል ቀና ብላ አየችና መልሳ ነጠላዋን አስተካከለች። ያ በቃኝ።

«የእኔ ድርሻ የለበትም አባ» አልኩ። «ተልባው ሁሉ የእርሷ ነው።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህን ስል በልቤ ሌላ ነገር ነበረ። አሁን ይታጨድ፣ በኋላ ከአስካለ ጋር ቤት ለቤት እንነጋገራለን ብዬ ነበር። ቄስ ገበየሁ ግን እንደኔ ያሉትን ሲያናዝዙ የኖሩ ሰው ናቸው። ወዲያው ወደ ሕዝቡ ዞሩና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ጋሽ ተክሌ ድርሻቸውን ለአስካለ ሰጥተዋል። ሰማችሁ?» አሉ።

«ሰምተናል» አለ አገሩ በአንድ አፍ። መቼም ለሌላ ነገር እንዲህ ተስማምቶ አያውቅም።

ሠላሳ አንድ ማጭድ ወጣ። ከመካከላቸው አንዱ የእኔ ነበር፤ የሰው ተልባ አጫጅ ሆኜ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ታጭዶ ከዳገቱ ላይ ተከመረና ጭድ ለበሰ። ማክሰኞ ንጋት ውርጩ መጣ፤ የቀረው ቃርሚያ ነጭ ሆኖ አደረ። ክምሩን ግን አልደፈረውም።

ታኅሣሥ ላይ ሲወቃ አውድማው ጫፍ ላይ ቆምኩ። ማንም አልጠራኝም፤ እግሬ ነው የወሰደኝ። አስካለ ፍሬውን እያነፈሰች ሳለ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ያሉት ከልብዎ ነው ወይስ ከአፍዎ?»

ብዋሽ ይቀለኝ ነበር። ግን በዚህ ዕድሜ ውሸትም ጉልበት ይፈልጋል።

«ከአፌ ነበር» አልኳት። «ሲታጨድ ውሎ ወደ ልቤ ወረደ። እስኪወርድ ግን ወገቤን ሰበረው።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለችና ሳቀች። አንድ ቁና ለጾም ብላ ሰፈረችልኝ፤ ደፍታ፣ ነቅንቃ፣ ጨምራ። ከዚያ እያየችኝ፣ «ለመጪው ደግሞ ምን እንደምዘራ እኔ እነግርዎታለሁ» አለች። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ነገሩ እዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ወሬ ግን ከዘር ቀድሞ ይበቅላል። እኔ መሬት በእኩል ይዤ ሁሉንም ለባለመሬት የምተው ጻድቅ ሰው መሆኔ እስከ ዘመሮ ተሰማ። ጥር ሳይገባ ሁለት ባልቴቶች ደጄ መጥተው፣ «መሬታችንን እርስዎ ይያዙልን» አሉ። አቅሜ አይችልም ብዬ በትሕትና መለስኳቸው። ሦስተኛዋን ግን አወቅኋት፤ ባሏ ከትናንት ወዲያ ገበያ ላይ ሰላም ብሎኛል።

«ባልሽ ደኅና አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«ደኅና ነው ጋሼ። ሰነፍ ነው እንጂ። ለማሳው ሲባል ከሞቱት ይቆጠርልኝ።»

ደክሞኛል ብዬ ልመልሳት አፌን ከፍቼ ነበር። መሬቷ የት እንደሆነ ጠየቅኋት። ጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የሚያገኘው ዳገት ላይ ነው፤ ውርጭ የማይተኛበት።

ያዝኩላት።