ለታመመ ብቻ የሚወጣ ጠላ

የሃይማኖት ሰው አይዋሽም የምትሉ ሰዎች... የገዳም ጠላ ቀምሳችሁ አታውቁም! ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመውም፣ ማኅሌት ቆሞ የሚያድረውም ሰው አንድ ቀን አንድ ነገር ያሸንፈዋል። የሌላውን አገር አላውቅም። በእኛ በጋይንት ግን የሚያሸንፈው ነገር ጠቆር ያለ ነው፣ በዋንጫ ይቀርባል፣ ከአፍንጫ ቀድሞ ልብ ነው የሚያሸተው። ጠላ ብዬ ብጠራው ሰፈራችሁ የሚሸጠውን ልታስቡ ነው። ተዉት! እሱን አይደለም የምላችሁ።

የገዳም ጠላ ሌላ ነው። ገብሱን መነኮሳቱ ራሳቸው ያርሱታል፣ ራሳቸው ያጭዱታል። ጌሾው ከግቢያቸው ይለቀማል። ሴት በማይገባበት ገዳም ደግሞ ብቅሉን የሚያበቅሉትም፣ አሻሮውን የሚቆሉትም፣ ጋኑን በወይራ የሚያጥኑትም እነሱው ናቸው። አይሸጥም። በስልክ አይታዘዝም። "ቢሮ ውስጥ ሰው አውቃለሁ" ብሎ ነገር እዚያ አይሠራም። እዚያው ደጁ ድረስ የሄደ ይጠጣል፣ ያልደረሰ ቤቱ ሆኖ ይመኛል። የገዳሙን ስም እንድነግራችሁ ደግሞ አትጠብቁ... ነገ ጀሪካን አንጠልጥላችሁ ልትወርዱ!

ታዲያ እኔን ከዚህ ጠላ ጋር ምን አገናኘኝ? አማቼ።

አማቼ መሪጌታ ጥበቡ ይባላሉ፤ አርብ ገበያ አጠገብ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሲቆጡ አይጮኹም፤ ዝም ብለው ይሄዳሉ። የተቆጡት ደግሞ በሠርጌ ቀን ነው። ንፋስ መውጫ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ ብዬ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ፣ ድንኳኑ ውስጥ ቢራ በሳጥን በሳጥን ደረደርኩ። "ጠላስ?" ሲሉኝ "ጠላማ የገጠር ነው" አልኩ። ምነው ያን ቀን አፌን በያዘኝ ኖሮ! ለመሪጌታ አንድ ጠርሙስ ተከፈተላቸው። አረፋው እየተንተከተከ ከብርጭቆው ጠርዝ ሲወጣ ትክ ብለው አዩት። አንዴ ፉት አሉ።

"ይህን ውኃ ማነው እንዲህ ያስቆጣው?" አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። መቋሚያቸውን አነሡና ወጡ... አራት ዓመት ሙሉ ደጄን አልረገጡም።

ሽማግሌ ላክን፤ ሽማግሌዎቹ ምሳ በልተው ተመለሱ። የሺ፣ ባለቤቴ ማለት ናት፣ በገዛ እጇ ጠላ ጠምቃ ላከች፤ "የቧንቧ ውኃ ቅራሪ" ተብሎ ከነጀሪካኑ ተመለሰ። በዚህ መሀል ወንድ ልጅ ተወለደልን፣ የመጀመሪያ ልጃችን። አርባ ቀኑ ሊሞላ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሺ ሕፃኑን እያጠባች እንዲህ አለችኝ።

"ልጄ አያቱ ሳይመርቀው ክርስትና ከተነሣ፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያን የምመለሰው ወደዚህ ቤት አይደለም። ወደ አባቴ ቤት ነው።"

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የሺ ስትቀልድ ራሷ ቀድማ ትስቃለች። ያን ቀን አልሳቀችም።

ስልኬን ስለማያነሡ መልእክተኛ ላክሁ። መልሱ ከአርብ ገበያ በሚመለስ ገበያተኛ መጣ፦ "የአባቶች የገዳም ጠላ ካለ እመጣለሁ። ከሌለ ልጁን እዚሁ ሆኜ እመርቀዋለሁ።" እዚሁ ሆነው! እንግዲህ ሚስቴም ልጄም በአንድ ጀሪካን ጠላ ላይ ተንጠለጠሉ።

ወሩ ጥቅምት ነው። ጥቅምት ደግሞ ለጠላ ክፉ ወር ነው፤ የአምናው ገብስ ከጎተራ አልቋል፣ የዘንድሮው ገና ማሳው ላይ ቆሟል። ቢሆንም ፍለጋ ወጣሁ። አንዲት ሴትዮ "የገዳም ጠላ አለኝ፣ የተባረከ ነው" ብላ ጓዳ አስገባችኝ። ቀመስኩት... ያ ጠላ እንኳን ገዳም፣ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያንም ከሩቁ አልተሳለመ! የባጃጅ ሾፌር ጓደኛዬ "ቴሌግራም ላይ ፈልግ" አለኝ። ፈለግሁ። ስለ ገዳም ጠላ የሚያወራው ብዙ፣ የሚያቀርበው ግን አንድም የለም። አንዱማ "እኔም እየፈለግሁ ነው፣ ካገኘህ ንገረኝ" ብሎ ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ።

በመጨረሻ ከቢሮ ፈቃድ ወጥቼ ራሴው ልሄድ ቆረጥኩ። ባዶ ባለ አሥር ሊትር ጀሪካን ይዤ በሚኒባስ አርብ ገበያ ወረድኩ፤ ከዚያ ሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ቁልቁል። የቢሮ ጫማ ለዚያ ቁልቁለት አልተሠራም። ገዳሙ በር ላይ የደረስኩት እያነከስኩ ነው።

የተቀበሉኝ አባ ገብረ ኪዳን ናቸው፤ የገዳሙን እህልና መጠጥ የሚጠብቁት መጋቢ። ቀጠን ያሉ፣ ዓይናቸው የሚስቅ፣ አፋቸው የማይስቅ።

"አባ፣ ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታህ። ከወዴት መጣህ?"

"ከንፋስ መውጫ።"

"ለምን ጉዳይ?"

"ለመሳለም ነው፣ አባ።"

ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ እጄ ወረደ።

"በጀሪካን ነው የምትሳለመው?"

ምን እላለሁ? ጠላ ፈልጌ መምጣቴን ተናገርኩ። አልተቆጡም። አስገብተው አስቀመጡኝና አንድ ዋንጫ ሙሉ ሰጡኝ። ወይ ጉድ! ከዚያ በፊት ጠላ ጠጥቼ አላውቅም ነበር ማለት ነው። ጌሾው ምላስን ያዝ ያደርጋል፣ ገብሱ ይለቃል፣ የወይራው ጭስ ደግሞ ከኋላ ቀስ ብሎ ይመጣል። አማቼ ለምን ከሠርጌ ወጥተው እንደሄዱ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም ብሆን እወጣ ነበር።

"እዚህ የመጣ ይጠጣል" አሉ አባ። "ከዚህ ደጅ ግን አይወጣም። ሥርዓታችን ነው። የሚወጣው ለታመመ ሰው ብቻ ነው።"

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እውነቱን ተናገሩ! ሚስቴ ጓዟን ልትሸክፍ ነው፣ አርባ ቀኑ እየደረሰ ነው፣ ጋኑ እዚያ ጥግ ተቀምጦ ያየኛል... አፌ እኔን ሳያማክር ተናገረ።

"የታመመ አለብኝ።"

"ማን?"

"አማቼ።"

"ምናቸውን ነው?"

"ሁሉን ነገር።"

"እግዚአብሔር ይማራቸው። የክርስትና ስማቸው ማን ነው? በጸሎት እናስባቸው።"

የተያዝኩት እዚህ ላይ ነው። ለጸሎት የሐሰት ስም መስጠት... እዚያ ድረስ አልደፍርም። "ተክለ ማርያም" አልኩ። የየት አገር ሰው እንደሆኑ ጠየቁኝ። አርብ ገበያ አጠገብ ያሉት መሪጌታ ጥበቡ ናቸው ስላቸው በእጃቸው የያዙት የጠላ መቅጃ ቅል አየር ላይ ቀረ። ለካ እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ገዳም አብረው ዜማ ተምረዋል! በአንድ ጎጆ አድረው፣ የለመኑትን ከአንድ አኮፋዳ በልተው!

አባ ቅሉን አስቀምጠው ወደ አበምኔቱ ገቡ። ሲመለሱ ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ መቋሚያቸውን ይዘዋል፣ ጀሪካኔም ሞልቷል። እጄን ዘርግቼ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባ፣ በቃ እኔ ልገሥግሥ" አልኩ።

"ለታመመ የወጣ ጠላ በእጃችን ነው የሚደርሰው" አሉ። "በሽተኛው ሲጠጣ በዓይናችን አይተን ነው የምንመለሰው። እሱም ሥርዓት ነው። ተነሥ፣ መንገድ ምራኝ።"

ዳገቱን ስወጣ ጀሪካኑን ትከሻዬ ላይ ተሸክሜያለሁ። ጠላ በመንገድ ሲናጥ ይፈላል፤ ክዳኑን ካጠበቁት ይፈነዳል፣ ላላ ካደረጉት ደግሞ አንገት ውስጥ ይወርዳል። እኔ ላላ አደረግሁት። አባ ከኋላዬ ዳዊት እየደገሙ ይከተሉኛል። እኔ የምደግመው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መሪጌታ አሁን ደጃቸው ላይ ቆመው እንጨት እየፈለጡ ቢሆንስ? ገዳሙን ባዋረደ ሰው ልጅ ክርስትና ላይ ማን ይመጣል? አራት ዓመት የነበረው ኩርፊያ ዕድሜ ልክ ሊሆን ነው።

ጫፉ ላይ ስልኬ ኔትወርክ አገኘ። "አባ፣ ቁጥቋጦ ጋ ደርሼ ልምጣ" ብዬ ዞር አልኩ።

"የሺ! አባትሽን አስተኚልኝ!"

"ምን?"

"ይተኙ! ይታመሙ! ለሁለት ሰዓት ብቻ!"

"አንተ ሰውዬ ጤና የለህም?"

"ጤና ያለኝ እኔ ብቻ ሆኜ ነው የተቸገርኩት!" አልኩና ነገሩን በሹክሹክታ አስረዳኋት።

"አባቴ በሕይወቱ ውሸት ወጥቶት አያውቅም" አለች። "እንዲህ ያለ ነገር ብነግረው እኔንም ይቆርጠኛል።"

"ምናቸውን እንደታመሙ ከጠየቁ፣ ሁሉን ነገር ነው ያልኩት..." እያልኩ መስመሩ ተቋረጠ። ትደውል፣ አትደውል፣ አላወቅሁም።

መሪጌታ ቤት ስንደርስ ደጁ ጭር ብሏል። ፍልጥ የለም። ፈላጭ የለም። ከውስጥ የሚያቃስት ሰው ድምፅ ይሰማል። ገባን። በሕይወታቸው ውሸት ወጥቷቸው የማያውቀው መሪጌታ ጥበቡ መደቡ ላይ ተዘርግተዋል! ጋቢያቸው አፍንጫቸው ድረስ ደርሷል፣ ግንባራቸው በነጭ ሻሽ ታስሯል። የዜማ መምህር ናቸውና ማቃሰታቸው እንኳ ሥርዓት ነበረው፤ በግዕዝ ዜማ ጀምረው ወደ ዕዝል ይሻገሩ ነበር።

አባ አጠገባቸው ተቀመጡ።

"ተክለ ማርያም፣ ምንህን ነው?"

"አባ... ሁሉን ነገር።"

"ጠላ አምጥቼልሃለሁ። ትችላለህ?"

"እስቲ... ትንሽ ልሞክር።"

የመጀመሪያውን ዋንጫ ሳይተነፍሱ ጨለጡት። "ቀለል አለኝ" አሉ። በሁለተኛው ሻሹ ተፈታ። በሦስተኛው ጋቢው ወረደ። በአራተኛው ቁጭ ብለው ዜማ ጀመሩ፤ አባም ተቀበሏቸው። እኔ የማየው ጀሪካኑን ነው። የልጄ ክርስትና በዓይኔ ፊት እየጎደለ ነው!

ዜማው ሲያበቃ አባ ዋንጫቸውን አስቀመጡና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፋቸውም ሳቁ።

"ተክለ ማርያም" አሉ፣ "ተማሪ ቤት ሳለን የሰንበቴ ጠላ በወጣ ቁጥር ሆድህን ያምህ ነበር። ያኔም ሻሹን በግራ በኩል ነበር የምታስረው።"

መሪጌታ ደረቁ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"አባ፣ ያውቁ ነበር?" አልኩ።

"ስሙን ስትነግረኝ አወቅሁ።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዳገት ለምን ወጡ?"

አባ የጓደኛቸውን እጅ ያዙ።

"ካየሁት አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ" አሉ። "አበምኔታችን ደግሞ ለታመመ ካልሆነ ከገዳም አያስወጡንም።"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልቤ ተነካ፤ እንባዬ መጣ። መሪጌታም በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ምን ቆመህ ታየናለህ? ተቀመጥ። ቅዳ፤ ለራስህም ቅዳ።"

ጀሪካኑ ባዶ ሲሆን ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። "መሪጌታ፣ እንግዲህ ለክርስትናው ጠላ የለም..." አልኩ።

"እመጣለሁ" አሉ። "አብሮኝ ከዋሸ ሰው ቤት እንዴት እቀራለሁ?"

መጡም። አርባ ቀኑ ላይ ጥንግ ድርብ ለብሰው መጡ። ልጁን ታቅፈው ሲመርቁት የሺ አለቀሰች፤ የጎረቤት ጠላ ቢቀርብላቸው ፊታቸውን ጨምደድ አድርገው ዝም ብለው ጠጡት። ምርቃቱ እንዳለቀ ስልካቸው ጮኸ። አባ ገብረ ኪዳን ናቸው፤ በአበምኔቱ ትእዛዝ ኔትወርክ ያለበት ድረስ ወጥተው ነው የደወሉት። መሪጌታ ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩን ላውድ ላይ አደረግሁላቸው።

"ለአበምኔቱ ሁሉን ተናዘዝኩ" አለ የአባ ድምፅ። "ለሦስታችንም ቀኖና ሰጡን። ገብሱ ደርሷል። ሦስት ቀን ሙሉ፣ እኔም እናንተም፣ ከጠዋት እስከ ማታ የገዳሙን ማሳ ማጨድ ነው።"

እኔ ለአለቃዬ ምን ብዬ ፈቃድ እንደምጠይቅ ማሰብ ጀመርኩ። የሺ "አባቴ በዚህ ዕድሜው!" ብላ ደረቷን ያዘች። መሪጌታ ግን ትንሽ አሰቡና ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ።

"አባ፣ ለአጫጅ ጠላ ይቀርባል?"

"እንዴታ! አጫጅማ እስኪበቃው ነው የሚጠጣው።"

መሪጌታ ልጁን ለእናቱ ሰጡና ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"እንግዲያው ለአበምኔቱ ንገሩልኝ፣ አባ... ሦስት ቀን አይበቃኝም። የእኔ ኃጢአት ከባድ ነው!"