ብረቱ ወደ ቀኝ ሄዷል

(ቡሌ። ዳገቱን አግድም የሚያቋርጥ ቀጭን መንገድ። ሞተረኛው ይርጉ ወድቆ ግራ ዳሌው ውስጥ ብረት ከገባለት ስድስት ወሩ ነው። ሐኪሙ «ጨርሰሃል፣ ሥራህን ሥራ» ብሎታል። የሞተሩ ባለቤት እትዬ መሪማ ግን ያነክሳል ሲባል ሰምተው ዛሬ መጥተው ሊያዩት ነው፤ ካነከሰ ቁልፍ የለም። ጓደኛው ጋዲሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።)

ጋዲሳ፦ አነከስክ እኮ!

ይርጉ፦ አላነከስኩም! አረማመዴ ነው። አንተ ስለ ዳሌ ምን ታውቃለህ? እኔ በቀን አስር ቪዲዮ አያለሁ።

ጋዲሳ፦ በግራ ነው ያነከስከው።

ይርጉ፦ የተሠራው ግራው ነዋ! ቆይ፣ ስመለስ እየኝ። (ዞሮ ይመለሳል)

ጋዲሳ፦ አሁን ደግሞ በቀኝ ነው።

ይርጉ፦ (ክው ብሎ) በቀኝ? ጉዴ ፈላ! ብረቱ ወደ ቀኝ ሄዷል!

ጋዲሳ፦ ብረት ይሄዳል እንዴ?

ይርጉ፦ ከኔ በላይ ይሄዳል! እሱስ ሳያነክስ ነው የሄደው።

ጋዲሳ፦ እስቲ ዙር፣ ወደ ቦታው ይመለስ ይሆናል።

ይርጉ፦ (ዞሮ በግራ እያነከሰ) ተመለሰ! ኤጭ፣ መቼ ነው ታዲያ የሚረጋው? ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚሁ ስመላለስ! የቤቱን ቅቤ ዳሌዬ ላይ ጨርሼ፣ ቤተሰቡ ቆጮውን በደረቁ እየበላ ነው። እስቲ አንተ ሂድ፣ የጤነኛ አረማመድ ልይ።

(ጋዲሳ ይሄዳል።)

ይርጉ፦ ኧረ አንተም ታነክሳለህ! ተጋብቶብሃል!

ጋዲሳ፦ ያቺ ፍየልስ?

ይርጉ፦ የቷ?

ጋዲሳ፦ ያቺ የምትመጣው። እሷም አዘንብላለች። ኦፕራሲዮን አርጋለች?

(ይርጉ ፍየሏን አየ። መንገዱን አየ። አንዱ ጠርዝ ካንዱ በስንዝር ዝቅ ብሏል። ቀስ ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ።)

ይርጉ፦ ጋዲሳ... ቅቤ የቀባሁት ዳሌዬን፣ የሚያነክሰው ዳገቱ!

(ከታች፣ ለጥ ያለው መኪና መንገድ ላይ፣ እትዬ መሪማ ሞተሩን አስመጥተው ይጣራሉ። ይርጉ ከጋዲሳ ጋር ወርዶ ፊታቸው እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ተራመደ።)

መሪማ፦ ማሻአላህ! ታዲያ ምን ሆነህ ነው ስታነክስ የከረምከው?

ይርጉ፦ (ደስታው አፉን ከፍቶለት) መንገዱ ጋደል ብሎ ኖሯል እትዬ! እኔ ብረቱ ከግራ ቀኝ የሚመላለስ መስሎኝ! ጋዲሳ ነው የነገረኝ።

(እትዬ መሪማ ቁልፉን ሊሰጡት የዘረጉትን እጃቸውን ሰበሰቡ።)

መሪማ፦ ዳሌህስ ድኗል ልጄ። ግን ሦስት ሳምንት የረገጠው መንገድ ማዘንበሉን ላላወቀ ሹፌር ሞተሬን አልሰጥም። ጋዲሳ፣ አንተ መንጃ ፈቃድ አለህ አይደል? እንካ፣ ንዳ።

ይርጉ፦ እኔስ?

ጋዲሳ፦ (ሞተሩን አስነስቶ) ከኋላ ውጣ። ሳታነክስ።