የፈረሱ ቦታዎች ሚኒስትር

ክቡር ኸልፋን ቢን ዑበይድ ማረፋቸውን የሰማሁት ዴይራ ዓሣ ገበያ ውስጥ ነው። ዓሣ ከታፊው ቢላውን ሳያቆም፣ «አቡ ሐሪብ፣ አልሰሙም እንዴ? ጎረቤትዎ ጎህ ሲቀድ አርፈዋል። አላህ ይማራቸው» አለኝ። «አሚን» ማለት ነበረብኝ። መጀመሪያ የመጣልኝ ግን ሌላ ነው፤ እንግዲህ ወደ ዓፍራ ማን ይወስደኛል?

ዓፍራ ባለቤቴ ናት። በእኛ ልማድ መቃብር ላይ ስም አይጻፍም፤ ራስጌና ግርጌ ድንጋይ ይተከላል፣ አለቀ። ከእሷ በኋላ ብዙ ሰው ተቀብሮ ሜዳው አንድ ዓይነት ሆኗል። የትኛው የእሷ እንደሆነ የሚያውቁት ክቡርነታቸው ብቻ ነበሩ።

እንደ እሳቸው ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር በዱባይ የለም። ከተማው በሙሉ ነገ ስለሚሠራው ሕንፃ ሲያወራ፣ ይህ ሰው መንገድ የሚጠቁመው በፈረሰው ነው። ቱሪስት የወርቅ ገበያው የት ነው ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «ከበረዶ ፋብሪካው ወደ ቀኝ ታጠፍ፤ ግመሎቹ ሲመጡብህ ጥግህን ያዝ» ይላሉ። ፋብሪካው የፈረሰው ጸጉሬ ሳይሸብት ነው። ሰፈሩ «ክቡር» የሚላቸውም ለዚህ ነው፤ የፈረሱ ቦታዎች ሚኒስትር።

«ኸልፋን፣ እንግዳውን ለምን ታንከራትተዋለህ?» እላቸዋለሁ።

«ሕንፃው ነው እንጂ የፈረሰው፣ ቦታው የትም አልሄደም።»

«ቦታው የትም አልሄደም» የማይሉበት ጉዳይ አልነበረም። የሚገርመው፣ የጠየቃቸው ሁሉ ይደርስ ነበር። አንዱን ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ በዓይኔ ተከተልኩት። ባዶው የእግረኛ መንገድ ላይ ድንገት ቆመ፤ አንድ ትልቅ ነገር እንደሚያሳልፍ ሰው ወደ ጥግ ተጠጋ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

አንድ ትልቅ ሆቴል ክቡርነታቸውን ቅርስ አድርጎ ቀጥሯቸው ነበር። ሥራቸው አዳራሹ ውስጥ መረብ ይዞ መቀመጥና ፎቶ መነሳት ነው። አርባኛ ፎቅ ወስደው ባሕሩን አሳዩአቸው። ከምሳ በፊት ቤታቸው ተመለሱ። «እዚያ ላይ የማውቀው ሰው የለም፤ የቆመም የሞተም» አሉኝ።

ሞል የሄድን ዕለት ደግሞ ሽቶ ሱቁ ፊት ለፊት ጫማቸውን አወለቁ።

«ምን ሆነሃል? ሰው እያየን እኮ ነው!»

«የእናቴን ምንጣፍ በጫማ ልርገጥልህ?»

የኔፓሉ ጥበቃ እየሮጠ መጣ። «ባባ፣ እባክዎ ጫማዎን ያድርጉ፤ እኔን ይቆጡኛል» አለ። የእናታቸው ቤት ድሮ እዚህ ቦታ ላይ እንደነበር ሳስረዳው ግን ፊቱ ተለወጠ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሱቆቹ ከተዘጉ በኋላ እዚህ ጋ ዳቦ ይሸታል። ከየት እንደሚመጣ አጥተነዋል» አለኝ።

ክቡርነታቸው ጨርሶ አልደነቃቸውም። «ምድጃው ከግድግዳው ጀርባ ነዋ! ሌላ የት ሊሆን ኖሯል?» ብለው ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው አለፉ።

ዓርብ ዓርብ መቃብር ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። ዓይናቸውን ገርበብ አድርገው፣ ድሮ በፈረሰው፣ አሁን በሌለው የአቡ ኸሚስ ቤት ግድግዳ ጥግ ጥጉን ይዘው ይጓዛሉ፤ ግድግዳው ያልቃል ያሉበት ቦታ ላይ ቆመው፣ «ዓፍራ፣ ሰውዬሽን አምጥቼልሻለሁ። ጀለቢያውን ዛሬም አልተኮሰም» ይላሉ። እኔ እስቃለሁ። የማለቅስበት ሌላ ቀን አለኝ።

«ድንጋዩ ላይ ትንሽ ቀለም ልቀባ» ብዬ ለምኛቸው ነበር።

«ቀለም? ሚስትህን በር አደረግኻት እንዴ! እኔ አለሁልህ አይደል?»

የሚያናድድ ሰው ነበሩ። በዚህ ከተማ ዓፍራን በስሟ የሚጠሯት ግን እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን።

ከአሥር ሰዓት ጸሎት በኋላ ቀበርናቸው። ሰዉ ሲበተን እኔ ቀረሁ። ዓይኔን ገርበብ አድርጌ እንደ እሳቸው መሄድ ሞከርኩ። ጥቂት እንደተራመድኩ ትከሻዬ ፀሐይ ያሞቀው ጭቃ ግድግዳ የታከከ መሰለኝ። እጄን ዘረጋሁ፤ ምንም የለም። ዓይኔን ስገልጥ ዙሪያዬን ድንጋይ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። በጅምላ ሰላም ብያቸው ወጣሁ።

የዓፍራን መቃብር እስካሁን አላገኘሁትም።