ይሉኝታ ዋና አይችልም

ሲያቀርቡልን እምቢ ማለት እንወዳለን። ሆዳችን እየጮኸ «ኧረ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» እንላለን፤ ጋባዡም ውሸታችንን ስለሚያውቅ «በሞቴ» ይላል፤ ሁለቴ ተግደርድረን በሦስተኛው እጃችንን እንታጠባለን። እናንተም ታደርጉታላችሁ፤ አትካዱ። ማዕድ ላይ ጉዳት የለውም፤ ቢበዛ ወጡ ይቀዘቅዛል። ውሃ ውስጥ ግን ሦስተኛው ልመና ላይደርስ ይችላል።

ከአዲሱ ገበያ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለ አንድ ሆቴል መዋኛ ገንዳ ላይፍጋርድ ነኝ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ሰው ውሃ ውስጥ ስለማያስገባ አብዛኛው ደንበኛ ገንዳው ዳር ፎቶ ተነስቶ፣ ማኪያቶ ጠጥቶ ይሄዳል። ሦስት ዓመት ሙሉ ፊሽካ ነፋሁ፤ ሰው ግን አላዳንኩም። እናቴ «ሥራ አያብዛብህ» ብላ የምትመርቀው ከልጆቿ እኔን ብቻ ነው።

ጋሽ በላቸው ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ የሰፈሩን ግማሽ አስተምረዋል፤ እኔንም ጭምር። ሐኪም ለጉልበታቸው ውሃ ውስጥ እንዲራመዱ ስላዘዛቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ዋና አይችሉም። እጃቸው ሁልጊዜ የገንዳውን ብረት ይዞ ስለሚሄድ እኔ አውቄባቸዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሁለት የድሮ ተማሪዎቻቸው ገንዳው ዳር ተቀምጠው «ቲቸር!» ብለው ሰላም አሏቸው። ጋሽ በላቸው ተማሪ ፊት ብረት ይዞ መሄድ አልሆነላቸውም። ለቀቁት። ጥቂት እንደተራመዱ ወለሉ ወደ ጥልቁ የሚያዘቀዝቅበት ቦታ ደረሱ፤ ውሃው አገጫቸውን ሲነካ በእግር ጣታቸው ቆሙ።

ዘልዬ ገብቼ እጄን ዘረጋሁ።

«ጋሼ፣ ይያዙኝ።»

«ተው ልጄ፣ አትቸገር፤ ደህና ነኝ» አሉና ውሃ ጠጡ።

«በሞቴ ጋሼ!»

የሚሰምጡት እሳቸው፣ በሞቴ የምለው እኔ! እጄን ገፉት። ዓይናቸው ተማሪዎቹ ላይ ነው፤ እግራቸው ግን ወለሉን ለቋል። በጣም ፈራሁ። ስልጠና ላይ «ከኋላ ይዘህ ጎትት» ተብያለሁ፤ ያስተማሩኝን ሰው ተማሪዎቻቸው ፊት እንደ ጆንያ ልጎትታቸው? ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ ጮህኩ።

«ጋሼ፣ ድረሱልኝ! እግሬን ያዘኝ!»

ወዲያው ክንዳቸው አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። «አይዞህ፣ ይዤሃለሁ!» አሉ እያሳላቸው። እኔም እንደዳነ ሰው ዝም ብዬ፣ ከሥር በሁለት እግሬ እየቀዘፍኩ ወደ ብረቱ አደረስኳቸው። ተማሪዎቹ ተነስተው አጨበጨቡላቸው።

ወሬው እስከ ዊንጌት ሰፈር ሳይደርስ አልቀረም። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ «አንተን የሚጠብቅ ሌላ ላይፍጋርድ ልቅጠር?» አለኝ። «እግሬ ተሽሎታል» አልኩት። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቆጭቶኛል፤ በዕድሜዬ ያዳንኩት አንድ ሰው፣ እሱም እኔን አዳነ ተብሎ ተወራለት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ በላቸው መጡ። ተማሪዎቹም ነበሩ። ውሃው ውስጥ ቆመው ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው ጠሩኝ።

«ና፣ ክንዴን ያዝ። ያ እግርህ እንዳይከዳህ።»

ገብቼ ያዝኳቸው። ጥቂት እንደሄድን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ማንም በሞቴ ሳይላቸው፣ «ጠበቅ አድርገህ ያዘኝ» አሉኝ።