ስንት ሰው ይጭናል?

አንድ ነገር አብዝቶ የሚወድ ልጅ ያለው ወላጅ ከሩቅ ይታወቃል። ሌላው ሰው በመንገድ ላይ ሲሄድ እሱ ይጎተታል። ስለ ኤሊ፣ ስለ ባቡር ወይም ስለ ጉንዳን ከሚገባው በላይ ያውቃል፤ ማን አስተማረህ ቢሉት አንገቱን ይደፋል። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። እኛ ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊው ነው፤ የእሱ ዕጣ ሊፍት ሆነ።

አለቃው አምስት ዓመት ተኩል የሆናት ልጁ ናት። ደንበኞቹ «ወይዘሪት ተቆጣጣሪ» ይሏታል፤ እሷም ማዕረጉ ሲያንሰኝ ነው ብላ ተቀብላዋለች። ፊደል ገና አልጨረሰችም፤ ቁጥር ግን አያመልጣትም፣ በተለይ ሊፍት ውስጥ የሚለጠፈው። የትኛውም ሕንፃ ስትገባ ሰላምታዋ አንድ ነው፦ «ስንት ሰው ይጭናል?»

በቀደም ሳል ይዟት ሐኪም ቤት ወሰዷት። ሐኪሟ ማዳመጫዋን ደረቷ ላይ አድርጋ «በደንብ ተንፍሺ የኔ ቆንጆ» ስትላት፣ ወይዘሪት ተቆጣጣሪ በደንብ ተነፈሰችና «ዶክተር፣ ሊፍታችሁ ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ ለምን ያቃስታል?» አለቻት። ሐኪሟ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ «እውነትም ያቃስታል እኮ!» አለችና ማዳመጫዋ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ኮሪደር ላይ ወጥታ ታዳምጥ ጀመር። ሳሉ በራሱ ጊዜ ለቀቃት።

አክስቷ ግቢ ያለው አዲስ ቤት ሠርታ የጠራቻቸው ዕለትም እንዲሁ ነው። ወይዘሪት ተቆጣጣሪ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ዞረች፤ የመጥበሻ መደርደሪያው ሳይቀር ተፈተሸ። ተመልሳ መጥታ «ሊፍቱስ የት ነው?» አለች።

«የለውም የኔ እናት፣ ምድር ቤት ነው» አለች አክስት።

ልጅቷ የአክስቷን ጉልበት መታ መታ አደረገች። «አይዞሽ አክስቴ፣ ቀስ እያላችሁ ታስገባላችሁ።»

አንድ ቀን ደግሞ ሊፍት በር ላይ የቆሙ ግዙፍ ሰውዬ አየችና «አባባ፣ ስንት ኪሎ ነዎት?» አለች። «ሰማንያ» አሉ ሰውዬው፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። ከላይ እስከ ታች ቃኘቻቸውና በትሕትና «ሆድዎን ጨምሮ ነው?» ብላ ጠየቀች። አባት ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስታውን አይችለውም ነበር።

ሱቁ ውስጥማ ለጉድ ነው። ልብስ መሞከሪያው በመጋረጃ የተከለለ ጥግ ነው፤ መጋረጃ ደግሞ ለእሷ በር ነው። አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሱሪ ሲሞክሩ ከውጭ «አራተኛ ፎቅ! ወራጅ አለ?» የሚል ድምፅ ተሰማና መጋረጃው ተከፈተ። ኃላፊው አንድ እግራቸው ሱሪው ውስጥ፣ አንዱ ውጭ እንደሆነ ከመንገደኛው ጋር ተፋጠጡ። ልብስ ሰፊው በአፉ ይዞት የነበረውን መርፌ ሊውጠው ምንም አልቀረውም። ይቅርታውን ገና ሳይጨርስ ሰውዬው ቀበቷቸውን እያጠበቁ «ስንተኛ ነው ያልሽኝ?» አሏት።

«አራተኛ።»

«የኔ ቢሮ አምስተኛ ነው።»

መጋረጃውን መልሳ ዘጋችና አንድ ፎቅ ጨመረችላቸው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲሆን ልብስ ሰፊው አንድ ምሥጢር ነበረው። ሊፍት ይፈራል። በተለማማጅነቱ ዘመን የሰው ሙሉ ልብስ አንጠልጥሎ በሁለት ፎቅ መካከል አርባ ደቂቃ ተቀርቅሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሊፍት በር ሲዘጋ ካየ ፊቱን ያዞራል። ሰባተኛ ፎቅ ላለ ደንበኛ ልብስ የሚያደርሰው በደረጃ ነው። ልጅቷ ስትጠይቀው «ለጤና ነው» ይላታል። ሊፍት የምታሳፍራት ነርስ የሆነችው እናቷ ነበረች፤ እሱ ታች ሆኖ እጁን ያውለበልባል። መርፌ በከንፈሩ የሚይዝ አባቷ የሚፈራው ነገር በዓለም ላይ አለ ብላ ልጅቷ አታስብም፤ እሱም እንዳታስብ ይፈልግ ነበር። ከሊፍቱ ይልቅ የሚያስፈራው ይሄ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን አፉ አመለጠውና «የመጀመሪያ ጥርስሽ ሲወልቅ ባለ ሃያ ሁለት ፎቁ ሕንፃ እንሄዳለን» ብሎ ቃል ገባ። ጥርሱ ሐሙስ ጠዋት ዳቦ ላይ ቀረ። እናት ሳምንቱን በሙሉ ተረኛ ነበረች።

«እሁድ እስክትወጪ ብንጠብቅሽስ?» አላት ልብስ ሰፊው በስልክ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አንተ አይደለህ ቃል የገባኸው? ይዘሃት ሂድ!» ብላ ዘጋችው።

ሕንፃው ሲደርሱ የመጨረሻ ዕድሉን ሞከረ። «ወንድሜ፣ አንዴ ይዘሃት ውጣና ተመለስልኝ» አለው ጥበቃውን። ጥበቃውም «በሩን ለማን ልተወው?» አለና ሁለቱንም አስገባቸው።

በሩ ተዘጋ። አምስተኛ ፎቅ ላይ ልብስ ሰፊውን ላብ አጠመቀው። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ልጅቷ ቀና ብላ አየችው።

«አባዬ፣ እጅህ ረጠበ።»

«ሞቆኝ ነው።»

ጠጋ ብላ ፊቱን አየችው። «ፈርተህ ነው እንዴ?»

ለመዋሸት አፉን ከፈተ፤ ግን ትንፋሽ አልነበረውም። «አዎ» አለ። «ሊፍት እፈራለሁ። ድሮም እፈራ ነበር።»

ወይዘሪት ተቆጣጣሪ ከዚያ እስከ ሃያ ሁለት ቁጥር እንኳ አልጠራችም። «አለቀ፣ ናቀችኝ» ብሎ ደመደመ ልብስ ሰፊው፤ ከፍርሃቱ ይልቅ እሱ አንገበገበው።

በሩ ሲከፈት እጁን ጎተት አድርጋ ወደ ደረጃው ወሰደችው።

«በዚህ እንውረድ አባዬ።»

«ሃያ ሁለት ፎቅ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ። ቀስ እንላለን።»

ወረዱ። ሃያ አንደኛው ላይ የሊፍቱን በር በዓይኗ ጥግ አየችና ምራቋን ዋጠች። ሃያኛው ላይ ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና «ደክሞኝ አይደለም፣ ጫማዬ ነው» አለችው። ልብስ ሰፊው አሁን ገባው። ይህቺ ልጅ ጥርሷ እስኪወልቅ ስትጠብቀው የኖረችውን ነገር ለእሱ ብላ ጥላለት እየሄደች ነው። አልናቀችውም። ሄደና የሊፍቱን መጥሪያ ራሱ ተጫነው።

«አባዬ! ምን እያደረግክ ነው?»

«ሊፍት እየጠራሁ።»

ባዶ ሊፍት መጣ። ገቡ፤ እጁን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘችው። «ዓይንህን ጨፍን። ስንደርስ እነግርሃለሁ።»

ጨፈነ። ሊፍቱ ወረደ፣ ወረደና ቆመ። በሩ ተከፈተ። የጥበቃው ሳልና የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ልጅቷ ምንም አላለችም። በሩ እንደገና ተዘጋ። ወደ ላይ መነሳታቸውን ሆዱ ነገረው።

«ገና ነው አባዬ» አለች፣ በወለቀው ጥርሷ በኩል ሳቋ እያፏጨ።

ልብስ ሰፊውም አውቆ ዓይኑን አልገለጠም።