ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ ምንጭ

ባለፈው ሰኞ ማለዳ ዝናቡ ሲያወርደው ሱቄን ልከፍት ስጣደፍ፣ ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው ተንበርክኮ አየሁ። እዚያ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኑ ከተሰረቀ ወር አልፎታል። ሰውየው ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ሳንቃ ጉድጓዱ አፍ ላይ አጋድሞ ግራና ቀኙን ድንጋይ ጫነበት። ከዚያ የራሱን ጃንጥላ እንደተዘረጋ ሳንቃው ስንጥቅ ውስጥ ሰካው፤ አላፊ አግዳሚው ከሩቅ አይቶ እንዲጠነቀቅ መሆኑ ነው። ቀና ሲል ማን እንደሆኑ አወቅኩ። የለበሱት ሱፍ እኔ ራሴ ለዚያ ቀን ብዬ የሰፋሁላቸው ነው። ማንም እንዳላያቸው ግራ ቀኝ ቃኝተው፣ በዝናብ እየራሱ ወደ እኔው ሱቅ መጡ።

በሩ ላይ ቆሙ። ከኮታቸው ውሃ ይንጠባጠባል፤ የሱሪያቸው ጉልበት ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፦

«ማዘጋጃ ቤቱ የጉድጓዱን ክዳን በአፋጣኝ እንደሚተካ ቢገልጽም፣ እስካሁን ተጨባጭ እርምጃ አለመወሰዱን ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ ምንጮች አስታውቀዋል» አሉ።

ስለ ጃንጥላው ምንጮቹ የሰጡት አስተያየት የለም።

በየሰፈሩ ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረ፣ የሰፈረበትን አገር ፖለቲካ ከባለአገሩ በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ይሄ ሰው የከንቲባውን ምክትል ምክትል ስም ያውቃል። የአውቶቡሱ መስመር ለምን እንደተቀየረ፣ ማን እጁን አውጥቶ ማን ድምፀ ተአቅቦ እንዳደረገ ያውቃል። እኛ ተወላጆቹ ግን መብራት ሲጠፋ ሻማ ፍለጋ እንሄዳለን እንጂ ጠለቅ ያለ ትንታኔ ውስጥ አንገባም። የእኛ ሰፈር ድርሻ እኚህ የማወራላችሁ ሰው ናቸው። ሰፈሩ «ቃል አቀባዩ» ይላቸዋል።

ክቡር ቃል አቀባዩ ወደ አገራችን የመጡት ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ማሽን ሊተክሉ ነው። ውላቸው የስድስት ወር ነበር። ፋብሪካው ተዘጋ፣ ማሽኖቹ ተነቅለው ሄዱ፣ እሳቸው ቀሩ። እስከ ዛሬ የሰፈሩን የልብስ ስፌት መኪና ሁሉ የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው።

ቋንቋችንን ማንም አላስተማራቸውም። በፋብሪካው የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ አልጋ፣ ወንበርና ሬዲዮ ነበር፤ የሚያናግራቸው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሬዲዮኑን ሰሙ። ጠዋት ዜና፣ ቀን ዜና፣ ማታ የዜና ትንታኔ። በዓመቱ አፋቸውን ሲፈቱ የወጣው ቋንቋ ንጹሕ፣ የተሟላና ከዜና ማሰራጫው የመጣ ነበር።

የስፌት መኪናዬ ክር እየበጠሰ አላሠራ ሲለኝ እጠራቸዋለሁ። ጎንበስ ይላሉ፣ አንድ ብሎን ይፈታሉ፣ ሁለት ጠብታ ዘይት ያንጠባጥባሉ። ከዚያ እጃቸውን እየጠረጉ፦ «በመርፌውና በክሩ መካከል ተፈጥሮ የነበረው አለመግባባት በሰላማዊ መንገድ ተፈቷል።»

ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ እሳቸው ሲመጡ ሌላውን ደንበኛ አስቀድሞ ይሸኛል፤ ተረጋግቶ መስማት ይፈልጋላ።

«ጋሼ፣ ዛሬስ እንዴት ላድርገው?»

«ከጆሮ በላይ ያለው አካባቢ ለረጅም ጊዜ ትኩረት ተነፍጎት ቆይቷል።»

«አናቱስ?»

አናታቸው ላይ ፀጉር የሚባል ነገር ከጠፋ ቆይቷል።

«አናቱን በተመለከተ አሁን ያለው ሁኔታ እንዲቀጥል ከስምምነት ላይ ተደርሷል።»

«ከማን ጋር ነው የተስማሙት?»

«ከሚመለከታቸው አካላት ጋር።»

ዜና ሰውን ሁሉ አንቱ ስለሚል እሳቸውም ሰውን ሁሉ አንቱ ይላሉ። ሕፃኑንም፣ ለማኙንም፣ ድመቴንም። «እባክዎ ከጨርቁ ላይ ይነሱ» ሲሏት ሰምቻለሁ፤ እሷም ተነስታለች፣ እኔ ስናገር የማታደርገውን። «እርስዎ» ደግሞ ለሴትም ለወንድም አንድ ስለሆነ የሚሳሳቱበት ቀዳዳ አልነበረም። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ የሰዋስው ስህተት አልሰማሁባቸውም። የገዛ ልጆቼን እንኳ እንዲህ ብዬ አልመሰክርላቸውም።

ሌላም ነገር ልብ ብያለሁ። እኛ ስንናደድ «ይሄ አገር» እንላለን። እሳቸው ተናደውም ቢሆን «አገራችን» ነው የሚሉት።

ባለፈው ምርጫ ቀን አሮጌ ሱፋቸውን ለብሰው ከሁላችን ቀድመው ሰልፉ ላይ ተገኙ። መምረጥ እንደማይችሉ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን። በሩ ጋ ሲደርሱ ከኋላቸው ያለውን ሰው «ይለፉ» ብለው አሳለፉና ሄደው ከሰልፉ ጭራ ቆሙ። እንዲህ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ጥበቃው በመጨረሻ አላስችለው አለና «ጋሼ፣ እኔ እኮ ግራ ገባኝ፤ ምን ልርዳዎት?» አላቸው። «የሰልፉ ሂደት ሰላማዊ መሆኑ ታውቋል» ብለው አመስግነውት እንደገና ወደ ጭራው ተመለሱ። ቀኑን ሙሉ ተሰልፈው ዋሉ። ከእኛ መሃል ፀሐዩን ምክንያት አድርገው ከሰልፉ ወጥተው የቀሩ ነበሩ፤ ስማቸውን አልጠራም።

ስለ እሳቸው ሳወራ የራሴንም ልናገር። እኔ ሴት ነሽ ተብዬ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ልብስ ሰፊ የልብሱን ቅርጽ መጀመሪያ በወረቀት ነው የሚቆርጠው፤ እኔ ያለኝ ወረቀት አሮጌ ጋዜጣ ነበር። ፊደል የለየሁት ከእጅጌና ከኮሌታ ላይ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንበብ ቻልኩ፤ ግን ያነበብኩት ሁሉ ግማሽ ነበር። ምክር ቤቱ ረጅም ክርክር ካደረገ በኋላ በአብላጫ ድምፅ ምን እንዳደረገ መቀሱ በልቶታል። አንድ ቀን ይሄንን ለቃል አቀባዩ ነገርኳቸው። ቅርጾቹን ከግድግዳው ላይ አወረዱ፤ አንድ በአንድ እያነበቡ፣ ከተቆረጠበት ጀምሮ የቀረውን በቃላቸው ነገሩኝ። ሁሉንም በሬዲዮ ሰምተውታል። የብብቱን፣ የአንገቱን፣ የኪሱን። ያን ቀን ማታ ስጸልይ ስማቸውን አነሳሁ። ከዚያ ወዲህ አልተውኩትም።

ባለቤታቸው የዚሁ አገር ሰው፣ በጤና ጣቢያው ነርስ ነበረች። እሷንም አንቱ ይሏት ነበር። «እኔ ያገባሁት ሬዲዮ ነው» ትለኝ ነበር እየሳቀች፣ «ሲያስጠላኝ የማጠፋበት ቁልፍ ግን አላገኘሁለትም።» ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቀን ቃል አቀባዩ ሱቄ በር ላይ ቆመው፦

«ባለቤታቸው ባደረባቸው ሕመም ምክንያት ዛሬ ረፋድ ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» አሉ።

ፀጉር አስተካካዩ አግዳሚዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። እንደ ልማዱ ሊስቅ እየዳዳው «የማን ባለቤት?» አላቸው። ያኔ ነው እጃቸውን ያየነው። ነጭ የሥራ ጫማዋን ይዘው ነበር።

እንግዲህ ወደ ሰኞው ልመለስ። የመኖሪያ ፈቃዳቸው የሚታደሰው በሥራ ውል ነበር፤ አሁን ስልሳ አምስት ዓመት ስለሞላቸው ከእንግዲህ አይታደስም ተባሉ። የቀራቸው መንገድ ዜግነት መጠየቅ ነው። ከተፈቀደላቸው ይኖራሉ፤ ካልተፈቀደላቸው በወሩ መጨረሻ አገሩን ለቀው ይወጣሉ። የዜግነት ቢሮው ጥያቄና መልስ የዚያን ቀን ረፋድ ላይ ነበር። በዚያ ሱፍ፣ በዚያ ዝናብ፣ የሰው ጉድጓድ ሊከድኑ የተንበረከኩት ወደዚያ ቢሮ ሲሄዱ ነው።

«ሱሪውን አውልቀው ይስጡኝ» አልኳቸው። ከመለኪያው መጋረጃ ጀርባ ገቡና በላዩ አቀበሉኝ። ጭቃውን ጠርጌ በካውያ እየተኮስኩ ሳለ ስርጭቱ ከመጋረጃው ጀርባ ቀጠለ፤ የከተማውን የፍሳሽ ጉዳይ ከሥሩ እስኪጨርሱ ሱሪው ደረቀ።

«እግዚአብሔር ያቅናዎት» ብዬ ሸኘኋቸው። ሲወጡ ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ ላይ «ጋሼ፣ ለፈታኞቹ ይዘኑላቸው!» ብሎ ጮኸ። እኔም አልሰጋሁም። ስለ አገራችን የሚጠየቁትን እሳቸው ካላወቁ ማን ያውቃል?

ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። አግዳሚው ላይ ፀጉር አስተካካዩ አጠገብ ተቀመጡና ደብዳቤ ከኪሳቸው አወጡ።

«አሥራ ሁለት ጥያቄዎች ቀርበው ሁሉም ምላሽ አግኝተዋል» አሉ። «በስድስተኛው ጥያቄ ላይ የነበረው የምክር ቤት አባላት ቁጥር ወቅታዊ ባለመሆኑ እርማት ተደርጎበታል።»

«ጠያቂውን አረሙት?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እርማቱን ሰብሳቢዋ በምስጋና ተቀብለውታል።»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው ፊትዎ እንዲህ የሆነው?»

ደብዳቤውን ለእኔ ሰጡኝ። አነበብኩት። አሥራ ሦስተኛ ጥያቄ ነበረ። ፈተናም አይደለም፤ ሕፃን የሚመልሰው ነው። «እርስዎ ለምን እዚህ መኖር ይፈልጋሉ?» ይላል። ከሥሩ በእጅ ጽሕፈት «ጥያቄውን አልመለሱም» ተብሏል።

«ምን አሏቸው?» አልኩ።

«አመልካቹ በአገራችን የመኖር ጽኑ ፍላጎት እንዳላቸው ተገልጿል።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ሰብሳቢዋ ፍላጎቱን የገለጸው ማን እንደሆነ ጠይቀዋል።»

ፀጉር አስተካካዩ ራሱን ያዘ። «ጋሼ! እዚያም?»

«ምንጮቹ ስማቸው እንዳይገለጽ መፈለጋቸው ተብራርቶላቸዋል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ልንስቅ ይገባን ነበር። አልሳቅንም። ሰብሳቢዋ የሚቀልዱባት መስሏታል፤ አልፈረድኩባትም። እሷ ለሃያ ስድስት ዓመት ሬዲዮ «እኔ» ሲል ሰምቶ ከማያውቅ ሰው ጋር እያወራች መሆኗን በምን ታውቃለች? እኔስ ራሴ ያንን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ እንደማላውቅ ልብ ያልኩት ያን ጊዜ አይደል?

የደብዳቤውን የመጨረሻ አንቀጽ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አመልካቹ ሐሙስ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ እንዲቀርቡ፣ ቢያንስ ለአሥር ዓመት የሚያውቃቸው አንድ ምስክርም ይዘው እንዲመጡ ይላል። ለልብስ ቅርጽ የተቆረጠ ጋዜጣ ቢሆን ኖሮ መቀስ የሚበላው ቦታ ላይ ነበር የተጻፈው።

ካውያውን አስቀምጬ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ምንጮቹን ይተዉአቸው። እርስዎ ራስዎ ለምን?»

አፋቸውን ከፈቱ፤ የለመዱት ነገር ሊወጣ ሲል መለሱት። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ኪሱ ከተተ። በመስኮቱ ጃንጥላው ይታየኛል፤ ሰዉ ዞር እያለ ያልፋል እንጂ ማንም አልነካውም። ምስክርነት በእግዚአብሔር ፊት ነው፣ ያላዩትን አይናገሩበትም። ያየሁትን ግን አይቻለሁ።

«እኔ…» አሉ ቃል አቀባዩ።

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«እሷ እዚህ ናት።»

ትንታኔም ማብራሪያም አልተከተለውም። ደብዳቤውን ከእጄ ወስደው አጠፉት፣ ዘረጉት፣ መልሰው አጠፉት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያውን ስህተታቸውን ሠሩ። ላርማቸው አልደፈርኩም፤ እዚህም አንዲት ፊደል ሳልነካ አስቀምጠዋለሁ፦

«እህቴ፣ ምስክር ትሆንልኛለህ? ሐሙስ አብረኸኝ ትመጣለህ?»